ፕሮፌሰር አርየ ዋርሼል፦ ከቤት ሻን ሸለቆ እስከ ኖቤል ሽልማት

ፕሮፌሰር አርየ ዋርሼል እስራኤላዊና አሜሪካዊ የባዮፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ባዮፊዚክስ ማለት በፊዚክስ ሕግ የሕያዋንን አካል አሠራር የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከማርቲን ካርፕለስና ከማይክል ሌቪት ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

ልደትና ትምህርት

የተወለዱት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1940 በስዴ ናሁም ኪቡጽ ነው። ኪቡጹ የሚገኘው ከአፉላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቤት ሻን አጠገብ በመሆኑ ለአፉላ ኢሊት ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በእስራኤል መከላከያ ሠራዊት በታንከኛ ክፍል አገልግለዋል፤ በ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነትና በ1973ቱ የዮም ኪፑር ጦርነትም ተሰልፈዋል። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1966 ሃይፋ ከሚገኘው ቴክኒዮን በከፍተኛ ማዕረግ አገኙ። ዶክትሬታቸውን ደግሞ በ1969 በረሆቮት ዋይዝማን ኢንስቲትዩት በፕሮፌሰር ሽኔኦር ሊፍሶን መሪነት ጨረሱ።

የምርምር ሥራቸው

በሰውነታችን ውስጥ ምግብ የሚፈጨውም፣ ሊጥ የሚቦካውም ኢንዛይም በሚባሉ ፕሮቲኖች ኃይል ነው። አንድ ኢንዛይም ብዙ ሺህ አተሞች አሉት። የእያንዳንዱን አተም እንቅስቃሴ በጥቃቅኑ ዓለም ሕግ፣ ማለትም በኳንተም ፊዚክስ ማስላት ለኮምፒውተር ከአቅም በላይ ነበር። ዋርሼልና ሌቪት ግን መላ አገኙ። እናቶቻችን እህሉን በሰፌድ በአንድነት ያበጥሩና ጠጠሩን በጣታቸው ለይተው ይለቅማሉ። እነርሱም እንዲሁ፣ ትልቁን የፕሮቲን ክፍል በቀላሉ የተለመደ ፊዚክስ አስልተው፣ ኬሚካዊ ለውጡ የሚፈጸምባትን ትንሽ ቦታ ብቻ በኳንተም መረመሩ። በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ስልት በእንቁላል ነጭና በእንባ ውስጥ በሚገኘው ላይሶዛይም ላይ አሳዩ። ዛሬ ዘዴው አዳዲስ መድኃኒት ለሚቀምሙ ተመራማሪዎችም ይጠቅማል።

ወደ አሜሪካ መሄዳቸው

ከዶክትሬታቸው በኋላ በሃርቫርድ ከካርፕለስ ጋር ሠርተው በ1972 ወደ ዋይዝማን ተመለሱ። ሆኖም በዚያ ቋሚ የሥራ ቦታ ስላላገኙ በ1976 ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ኖቤልን ያገኙትም የዚያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ነው። ሽልማቱ በተነገረ ጊዜ ዕድሜያቸው 72 ነበር። በእስራኤል ደስታው ታላቅ ቢሆንም፣ “የተማሩ ልጆቻችን ለምን ይሄዱብናል?” የሚል ክርክርም አብሮ ተነሣ። የሐኪሞችንና የመምህራንን ፍልሰት ከኢትዮጵያ ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው አዲስ አይደለም።

ካርፕለስ በ2024 መጨረሻ በ94 ዓመታቸው አርፈዋል።

ክቡራን ወላጆች፣ ልጅዎ “ሳይንስ የሌላ ሰው ነገር ነው” ካለ፣ ይህ ሊቅ የተወለዱት በዚሁ በሰሜን፣ በእርሻ መንደር መሆኑን ይንገሩት። ፊዚክስና ሒሳብ በባግሩት ሰዓት የሚጀመር ሳይሆን ከታች ክፍል ጀምሮ የሚገነባ ስለሆነ፣ ልጁ በየትኛው የሒሳብ ደረጃ እንደተመደበ መምህሩን በጊዜ መጠየቅ ይበጃል።