የዝዋይና የአባያ ደሴቶች ሰዎች፤ ኑሯቸውና ልማዳቸው

(በሬዲዮ የተነገረ)



ከሥራ በኋላ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚዘዋወር ሰው የዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ሲመለከት፣ ውሃውን የሥራና የመዝናኛ ስፍራ አድርጎ ያስበዋል እንጂ የሰው አገር አድርጎ አያስበውም። ሐይቃችን ሰው ሰፍሮ የሚኖርበት ደሴት የለውምና። ነገር ግን ከሐዋሳ በስተ ሰሜን በዝዋይ ሐይቅ፣ በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ በአባያ ሐይቅ፣ በውሃ ተከበው የራሳቸውን ቋንቋና ልማድ ይዘው ለብዙ ዘመን የኖሩ ሕዝቦች አሉ። የዛሬው ንግግራችን ስለ እነዚህ ይሆናል።

ሁለቱ ሐይቆች የአንድ ስምጥ ሸለቆ ልጆች ናቸው። በዝዋይ ደሴቶች የሚኖረው ሕዝብ ዛይ ይባላል፤ ቋንቋው ሴማዊ ነው። በአባያ ላይ ባለችው በጊዲቾ ደሴት የሚኖሩት ግን ሁለት ሕዝቦች ናቸው፤ ባይሶና ሐሮ ይባላሉ። የባይሶ ቋንቋ ኩሻዊ፣ የሐሮ ቋንቋ ኦሞአዊ ነው። በአገራችን የሚነገሩት ቋንቋዎች በአራት ታላላቅ ወገኖች የሚከፈሉ ሲሆን፣ ከአራቱ ሦስቱ በእነዚህ ጥቂት የመሬት ጕብታዎች ላይ ተገኙ ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ደግሞስ በአንዱ ዘንድ ልዩ ልዩ ወገን ተዋሕዶ አንድ ሲሆን፣ በሌላው ዘንድ ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለ ምን ሳይዋሐዱ ቀሩ? ጥያቄው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዝዋይ እንናገር። ዝዋይ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን 10 ሜትር የማይሞላ ሐይቅ ነው። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ እነርሱም ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ናቸው። ከሁሉ ከፍ የሚለው ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ ትርጉሙ በኦሮምኛ ታላቅ ተራራ ማለት ነው፤ ካህናቱ ደብረ ጽዮን ይሉታል። ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ የጽዮንን ታቦት ይዘው እስከዚህ ደሴት ድረስ እንደ ተሰደዱና፣ ሰላም እስኪሆን ድረስ በዚያ እንዳኖሩት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ቃል ይተረካል። በደሴቱ ገዳም የተጠበቁ የብራና መጻሕፍትም የጥንቱን ክርስትና ይመሰክራሉ።

ሆኖም ትረካው ወደ አክሱም ሲያመለክት፣ ቋንቋው ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። ዛይኛ ዘመዱ ትግርኛ ሳይሆን ስልጤኛና ሐረርኛ ነው። ሁለቱ ምስክሮች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ደሴት የስደተኛ መጠጊያ መሆኑን ስናስብ ጠቡ ይበርዳል። በ1521 ዓ.ም. ከሽምብራ ኵሬ ጦርነት በኋላ የግራኝ አሕመድ ዘመቻ አገሩን ባናወጠ ጊዜ፣ ቀጥሎም የኦሮሞ ሕዝብ ወደ ሐይቁ ዳርቻ መጥቶ በሰፈረ ጊዜ፣ ውሃውን ተሻግሮ የገባው ሰው ከአንድ አገር ብቻ የመጣ አልነበረም። ዛይዎች ራሳቸው አባቶቻቸው ከልዩ ልዩ አገር እንደ መጡ ይናገራሉ። የመጣው ሁሉ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር፣ በአንድ ቋንቋ እየተጋባ አንድ ሕዝብ ሆነ። በ1870ዎቹ ዓ.ም. የንጉሥ ምኒልክ ግዛት እስከ ሐይቁ ድረስ በደረሰ ጊዜ፣ ይህ ሕዝብ ሃይማኖቱንና መጻሕፍቱን እንደ ያዘ ተገኘ።

የዕለት ኑሯቸውም ከጠባብ መሬት ጋር የተስማማ ነበር። ቁልቁለቱን በድንጋይ ካብ እየደገፉ እርከን ሠርተው ያርሱ ነበር፤ ዓሣ ያጠምዱ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር። በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ተክል ባሰሩት ታንኳ ተሻግረው፣ ዓሣውንና ሸማውን ለአርሲ ኦሮሞዎች ሰጥተው የሚያስፈልጋቸውን ከገበያ ይዘው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ የዛይ ሰው በደሴቱ ዛይኛ፣ በገበያ ኦሮምኛ መናገር የቆየ ልማዱ ነው። ጎረቤቶቹም ላቂ ይሉታል፤ እርሱ ግን ራሱን ዛይ ብሎ ይጠራል።

አሁን ወደ አባያ እንሻገር። አባያ በስፋቱ ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ሁለተኛ ሐይቅ ነው። ውሃው ከደለል የተነሣ ቀላ ይላል፤ አዞና ጉማሬም ይበዛበታል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የመጣው ኢጣልያዊው አሳሽ ቦቴጎ በንግሥቱ ስም ማርጋሪታ ብሎ ቢጠራውም፣ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ የራሱን ስም አልተወም።

በጊዲቾ የሚኖሩት ባይሶዎች በቋንቋ ዘመዶቻቸው በአካባቢው የሉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሀሮልድ ፍሌሚንግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንዳስረዳው፣ የባይሶ ቋንቋ ዘመድነቱ ከሱማልኛና በሰሜን ኬንያ ከሚነገረው የሬንዲሌ ቋንቋ ጋር ነው። በመካከሉ ያለውን የአገር ርቀት ላስተዋለ ሰው፣ ይህ ዘመድነት በመጽሐፍ ያልተጻፈ የጥንት ጉዞ ምልክት ነው። የሐሮዎች ቋንቋ ግን ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በአማሮ ተራሮች ከሚኖሩት ከኮሬዎች ቋንቋ ጋር ይቀራረባል።

ሁለቱ ሕዝቦች ሥራን ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር። ባይሶዎች አራሾችና ሸማኔዎች ሲሆኑ፣ ሐሮዎች የውሃ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ቡሽ ከሚቀል እንጨት ታንኳ ያበጃሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በቀድሞ ዘመንም ጉማሬ ያድኑ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው መኖር አይችልም ነበር፤ ነገር ግን ልጅ ለልጅ አይጋቡም ነበር። ባይሶው ሐሮውን ዝቅ አድርጎ ይመለከተው ነበርና።

እንግዲህ ሁለቱን ስናነጻጽር ለጥያቄያችን መልስ የምናገኝ ይመስለናል። በዝዋይ የተለያየውን ወገን አንድ ያደረገው፣ በጊዲቾም ጎረቤቱን ከጎረቤቱ የለየው ውሃው አይደለም፤ ጋብቻና ሥራ ነው። ውሃው ያደረገው ነገር ቢኖር ከውጭ የሚመጣውን ኃይል ማዘግየት ነው። ቋንቋ ግን የሚኖረውም የሚሞተውም በቤት ውስጥ፣ እናት ለልጇ በምትናገረው ቃል ነው።

ይህን ማወቃችን ለዛሬው ጉዳይ ይጠቅመናል። የደሴት ኑሮ ከባድ ነው፤ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ታማሚም ሆነ ተማሪ ማዕበሉን መሻገር አለበት። በዚህም ምክንያት ብዙ ዛይዎች ወደ መቂ፣ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ ከተማና ወደ ሌላውም የሐይቁ ዳርቻ ወጥተው ሰፍረዋል። በዚያም ከጎረቤት ጋር ይጋባሉ፤ ልጆቻቸውም በኦሮምኛና በአማርኛ አፋቸውን ይፈታሉ። በጫሞ ሐይቅ ደሴት ይኖሩ የነበሩት ጋንጁሌዎችም ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ከወጡ በኋላ የጎረቤቶቻቸውን የዘይሴዎችን ቋንቋ መናገር ጀምረው፣ የራሳቸው ቋንቋ ወደ መጥፋት ተቃርቧል። የእነርሱ ዕጣ ለዛይ፣ ለባይሶና ለሐሮ ማስጠንቀቂያ ነው።

ወጥቶ የሰፈረውን ሰው የሚወቅስ አይኖርም፤ ለልጁ ትምህርትና ሕክምና መሻት የአባት ተግባር ነው። ከልማዱም ሁሉ የሚጠበቅ አይደለም። ባይሶ ሐሮን የናቀበት ልማድ ቢቀር ማንም አያዝንም። የሚያሳዝነው ግን፣ የእርከኑ፣ የታንኳውና የዓሣው ስም፣ የአባቶች የስደት ትረካ፣ ከአዛውንቶች ጋር አብሮ ወደ መቃብር ሲወርድ ነው።

ታዲያ በከተማ ያለን የመንግሥት ሠራተኞች ምን ማድረግ እንችላለን? አንደኛ፣ ባለጉዳይ ከጠረጴዛችን ፊት ሲቆም ስሙንና ወገኑን በግምት ሳይሆን እርሱ ራሱን እንደሚጠራው እንጻፍ። ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ሕዝብ በመዝገብ ላይ በጎረቤቱ ስም ከተጻፈ፣ ቋንቋው ሳይሞት ስሙ ሞተ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ወደነዚህ አገሮች በሥራ የሚላክ መምህር፣ የጤና ሠራተኛ ወይም የእርሻ ባለሙያ ከሥራው ጎን ለጎን ከሽማግሌዎች አንደበት የሚሰማውን ቃል በደብተሩ ያስፍር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጆሮ ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማችን ሐዋሳ ከየአገሩ የመጣውን ሰው ተቀብላ የምታኖር ናት። ጎረቤታችን ከቤቱ በር በስተ ውስጥ ከልጆቹ ጋር በየትኛው ቋንቋ እንደሚጫወት ያልጠየቅን ብዙዎች ነን። ዛሬ ማታ ብንጠይቀው፣ ከአንዲት ትንሽ ደሴት የመጣ ሆኖ እናገኘው ይሆናል።