የሪችመንዱ ምክር ቤት፤ እነማን ገቡበት? እነማን መሩት?

ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ስለ አገር ቤት ታሪክ መጻፍ የተለመደና ደስ የሚያሰኝ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ለዛሬው ወደ ጎረቤት፣ ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ወደሚያስኬደው ወደ ሪችመንድ ጎራ ማለትን መርጧል። በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ዋሽንግተኑ ኮንግረስ ብዙ እንሰማለን፤ ቡና ላይም እንከራከርበታለን። የመንጃ ፈቃዳችንን፣ የነርስነት ፈቃዳችንን፣ የቤት ኪራይ ውላችንን፣ የልጆቻችንን የኮሌጅ ክፍያ የሚመለከተው ሕግ ግን በአብዛኛው የሚወጣው ሪችመንድ ላይ ነው። እዚያ ማን እንደሚቀመጥና ማን እንደሚመራ በሚገባ ለመረዳት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ጁላይ 30 ቀን 1619 በጄምስታውን መንደር፣ በአንዲት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ገዥው ሰር ጆርጅ ያርድሊ ከአማካሪዎቹ ጋር፣ እንዲሁም ከ11 ሰፈሮች ሁለት ሁለት ሆነው የተላኩ 22 ተመራጮች ተሰበሰቡ። የሚገርመው የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ስለ አባልነት መሆኑ ነው። ካፒቴን ጆን ማርቲን የተባለ ባለርስት ከእንግሊዝ አገር የተሰጠው የርስት ደብዳቤ ከቅኝ ግዛቱ ሕግ ነፃ ያደርገው ነበር። ጉባኤውም ለሕጉ የማይገዛ ሰው ተወካይ ሕግ በማውጣት ሊካፈል አይገባም ብሎ ሁለቱን የማርቲን ሰዎች ሳያስቀምጣቸው ቀረ። ከዚያም ሙቀቱ በረታ፤ ከተመራጮቹ አንዱ በስብሰባው መካከል ሞተ፤ ጉባኤውም በስድስተኛው ቀን ተበተነ።

በአፈ ጉባኤነት የተቀመጠው የቅኝ ግዛቱ ጸሐፊ ጆን ፖሪ ነበር። እዚህ ላይ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ፖሪ ወደ አሜሪካ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በ1600፣ ሊዮ አፍሪካነስ ስለ አፍሪካ የጻፈውን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳትሟል። ሊዮ ያልደረሰባቸውን አገሮች በተመለከተ ደግሞ ከሌሎች ጸሐፊዎች እየለቃቀመ የራሱን ጨምሮበታል፤ ከነዚህም አንዱ ፈረንጆቹ የቄሱ ንጉሥ የፕሬስተር ጆን ግዛት ይሉት የነበረው የኢትዮጵያ ነገር ነው። የጻፈው እውነትና ተረት የተቀላቀለበት ቢሆንም፣ የቨርጂኒያ የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ ስለ አገራችን አንብቦ የጻፈ ሰው እንደነበረ ማወቁ አይከፋም።

በዚያው በ1619 የበጋ ወራት ሌሎች ሁለት ነገሮች ተፈጽመዋል። አንደኛው የፖላንዶቹ ጉዳይ ነው። ቅጥራን፣ ዝፍትና ለሳሙና የሚሆን አመድ እንዲሠሩ የመጡ የፖላንድ ባለሙያዎች እንግሊዛውያን ስላልሆኑ ድምፅ ተከልክለው ነበርና ክርክር አነሡ። የቨርጂኒያ ኩባንያም በጁላይ ወር መብታቸው እንዲከበር ወሰነ፤ በዚያው ውሳኔ ሙያቸው ከነሱ ጋር እንዳይጠፋ ወጣቶች ሥር ሆነው እንዲማሩ ታዘዘ። ሥራቸው ስለተፈለገ መብታቸው ተሰማ ማለት ነው። ሁለተኛው ግን መራራ ነው። በኦገስት መጨረሻ ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያን በግዞት ተይዘው፣ በመርከብ ፖይንት ኮምፈርት ወደተባለው የባሕር ዳርቻ ደረሱ። በስንቅ ተለወጡ። የነሱ ልጆች ሪችመንድ ገብተው ለመቀመጥ ሁለት መቶ አምሳ ዓመት ፈጀባቸው።

ከ1776ቱ የነፃነት አዋጅ በኋላ ጉባኤው የዛሬውን ስሙን ያዘ፤ ኤድመንድ ፔንድልተንም የተወካዮች ምክር ቤቱ የመጀመሪያ አፈ ጉባኤ ሆነ። በ1780 ዋና ከተማው ወደ ሪችመንድ ተዛወረ። ዛሬ የምናየውን ባለ ዓምድ ሕንፃ ንድፍ ያወጣው ቶማስ ጄፈርሰን ሲሆን፣ ምሳሌ ያደረገውም በፈረንሳይ አገር በኒም ከተማ የሚገኘውን የሮማውያን ቤተ መቅደስ ነው። ሕንፃው ቢያምርም በሩ ጠባብ ነበር። እስከ 1851 ድረስ ነጭ ሆኖ እንኳ ንብረት የሌለው ሰው ድምፅ አልነበረውም። በ1831 ናት ተርነር የመራው የባሪያዎች አመፅ ከተነሣ በኋላ ምክር ቤቱ ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በይፋ ተከራከረ፤ ሐሳቡን ካቀረቡት አንዱ የጄፈርሰን የልጅ ልጅ ቶማስ ጄፈርሰን ራንዶልፍ ነበር። በጃንዋሪ 1832 በ73 ድምፅ ተቃውሞና በ58 ድምፅ ድጋፍ ነገሩ ወደቀ። ስምንት ሰዎች አቋማቸውን ቢለውጡ ኖሮ የዚህ አገር ታሪክ ወዴት ይሄድ ነበር ብሎ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊዎችን ሳያሰለች ኖሯል።

ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ጥቁር ወንዶች ድምፅ አገኙ። ከ1869 እስከ 1890 ባሉት ዓመታት ከ80 የሚበልጡ ጥቁሮች በሁለቱ ምክር ቤቶች ተቀምጠዋል፤ ከነሱም ብዙዎቹ በባርነት የተወለዱ ነበሩ። የዲንዊዲ አውራጃው ተመራጭ አልፍሬድ ሃሪስ ባቀረበው ረቂቅ ሕግ መሠረት በ1882 የተቋቋመው ኮሌጅ ዛሬ ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በዚያ ዘመን ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ፓርቲ ተባብረው የመንግሥት ግርፋትን አስቀርተዋል፤ ለድምፅ የሚከፈለውን ግብርም ሰርዘዋል።

ይህ ሁሉ ብዙ አልቆየም። በ1902 የወጣው ሕገ መንግሥት ግብሩን መለሰው። መራጩ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ያውም ምርጫው ከመድረሱ ከስድስት ወር በፊት መክፈል ነበረበት። ከዚህ በተጨማሪ መዝጋቢው እንደፈለገ የሚጠይቀው ጥያቄ ነበር። በ1900 እና በ1904 በተደረጉት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች መካከል በቨርጂኒያ ድምፅ የሰጠው ሰው ቁጥር በግማሽ ወረደ። ድሃ ነጮችም አብረው ነበር የተጣሉት። ሴቶች በ1920 ድምፅ ካገኙ በኋላ በ1923 ሁለት ሴቶች፣ ሳራ ሊ ፌንና ሄለን ቲመንስ ሄንደርሰን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመረጡ።

አሁን ስለ አመራሩ ጥቂት እንበል፤ የሪችመንድ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና። የተወካዮች ምክር ቤቱ ለሁለት ዓመት የሚመረጡ 100 አባላት፣ የሕግ መወሰኛው ለአራት ዓመት የሚመረጡ 40 አባላት አሉት። ጃንሆይ ዘመን የነበሩትን ሕግ መምሪያና ሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች የሚያስታውሱ አንባብያን አደረጃጀቱ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ልዩነቱ የኛን የሕግ መወሰኛ አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሟቸው የነበረ መሆኑ ነው። በቨርጂኒያ አፈ ጉባኤውን የሚመርጡት ተወካዮቹ ራሳቸው ናቸው። እሱ ደግሞ እነማን በየትኛው ኮሚቴ እንደሚቀመጡ ይወስናል፤ ረቂቁን ወደ ኮሚቴ የሚመራውም እሱ ነው። ብዙ ረቂቅ ሕግ የሚሞተው በአዳራሹ ክርክር ሳይሆን ጥቂት ሰዎች በማለዳ በሚቀመጡበት ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ነው። በሕግ መወሰኛው ወንበር የሚቀመጠው ምክትል አገረ ገዥው ሲሆን፣ በጥቂት ጉዳዮች ካልሆነ በቀር ድምፅ እኩል ሲከፈል ወሳኙን ድምፅ ይሰጣል።

ይህ ሥልጣን ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው ከ1950 እስከ 1968 አፈ ጉባኤ የነበሩት ብላክበርን ሙር ናቸው። የአገሩ ፈላጭ ቆራጭ የነበሩት የሴናተር ሃሪ በርድ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። በ1950 የአሌክሳንድሪያው ተመራጭ አርሚስቴድ ቡዝ በአውቶቡስና በባቡር ላይ ጥቁርና ነጭን መለያየት እንዲቀር ረቂቅ አቀረቡ፤ ረቂቁ ኮሚቴ ውስጥ ቀረ። በ1956 የወጡት ሕጎች ደግሞ ጥቁርና ነጭ ልጆችን አብሮ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ለአገረ ገዥው ሥልጣን ሰጡ። በ1958 በኖርፎክ፣ በሻርለትስቪልና በፍሮንት ሮያል በሮች ተቆለፉ። ፍርድ ቤቶች ሕጉን ከሻሩት በኋላ በ1959 ምክር ቤቱ ያን መንገድ ለመተው ሲወስን በሕግ መወሰኛው ውስጥ ያለፈው በ20 ድምፅ ለ19 ነው። በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ1959 እስከ 1964 ተዘግተው ቆዩ።

በሩን የከፈተው ከምክር ቤቱ ውጭ የመጣ ኃይል ነው። በፌርፋክስ አውራጃ፣ ከማውንት ቨርነን አጠገብ ባለችው በገም ስፕሪንግስ ሰፈር የሚኖሩ፣ በሰው ቤት ሠራተኛነት ያገለገሉ ወይዘሮ አኒ ሃርፐር የምርጫውን ግብር በመቃወም ከሰሱ። የዛሬው ሩት 1 ዳር ነው፤ ብዙዎቻችን በየቀኑ እናልፍበታለን። በ1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእሳቸው ፈረደ፤ 1 ዶላር ከ50ውም ቀረ። በተከታዩ ዓመት የሪችመንዱ ሐኪም ዶክተር ዊልያም ፈርጉሰን ሪድ ተመረጡ፤ በጃንዋሪ 1968 ሲቀመጡ ከ75 ዓመት በላይ ባዶ ሆኖ የኖረውን ቦታ ሞሉ። በ1969 ለሕግ መወሰኛው የተመረጡት ዳግላስ ዋይልደር፣ ባርነትን የሚያስናፍቀውን የስቴቱን መዝሙር በመቃወም ነው ሥራ የጀመሩት። መዝሙሩ በ1997 ጡረታ ወጣ፤ ዋይልደር ግን ከዚያ በፊት ምክትል አገረ ገዥ፣ በ1990 ደግሞ አገረ ገዥ ሆነዋል።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የ2017ቱን ምርጫ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከምርጫው በፊት ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 66 ለ34 ይመሩ ነበር፤ ምርጫው ይህን አናግቶ የኒውፖርት ኒውስ አንድ መቀመጫ፣ 94ኛው ቀጠና፣ ወሳኝ ሆነ። በመጀመሪያው ቆጠራ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ ቀደሙ። እንደገና ሲቆጠር ዲሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ በ1 ድምፅ በለጡ። በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት መረመሩ፤ መራጩ ሁለቱንም ክብ አጥቁሮ በአንደኛው ላይ ጭረት አሳርፎበት ነበር። ወረቀቱ ለያንሲ ይቆጠር ተባለና ሁለቱም እኩል 11,608 ሆኑ። ሕጉ ዕጣ ይውጣ ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም በካሜራ ፊልም መያዣዎች ውስጥ ገብቶ ከጎድጓዳ ሳህን ዕጣ ተሳበ፤ የወጣው ያንሲ ነው። ሪፐብሊካኖችም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ። እንግዲህ ያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበረ ወይም መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሳይመርጥ የተመለሰ አንድ ሰው በዚያ ቀጠና እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ውጤቱ ከወንበር ያለፈ ነበር። ለድሃ ቤተሰቦች ሕክምና የሚከፍለውን ሜዲኬይድን ማስፋት ለዓመታት ሪችመንድ ላይ ሲወድቅ የኖረ ጉዳይ ነው። በአዲሱ አፈ ጉባኤ በሚስተር ኪርክ ኮክስ ዘመን፣ ከምርጫው የተረፉት ሪፐብሊካኖች በከፊል ሐሳባቸውን ለወጡና በሜይ 2018 በ67 ድምፅ ለ31 አለፈ፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ነው። ታክሲ የሚነዳ፣ ኢንሹራንስ የማይሰጥ ቦታ የሚሠራ ወገናችን የዚያን ሕግ ትርጉም ያውቀዋል።

በ2019 ሳይመንድስ ያንሲን አሸነፉ፤ ዲሞክራቶችም ምክር ቤቱን ያዙ። በጃንዋሪ 2020 የፌርፋክሷ አይሊን ፊለር-ኮርን የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ። በዚያው ዓመት ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች የመንጃ ፈቃድ እንዲያገኙ፣ ልጆቻቸውም በነዋሪ ሒሳብ ኮሌጅ እንዲከፍሉ የሚያደርጉ ሕጎች አለፉ። ሕጎቹን የሚደግፍም የሚቃወምም በመካከላችን ይኖራል፤ ያለፉት ግን ወንበሩ ስለተለወጠ ነው። በጁላይ 2020 አፈ ጉባኤዋ በሥልጣናቸው በድሮው አዳራሽ የቆመውን የጄኔራል ሮበርት ሊን ሐውልት በሌሊት አስነሡ።

ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 የፖርትስማውዙ ተመራጭ ሚስተር ዶን ስኮት ከ1619 ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ። ቀደም ሲል የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩ፣ በ1994 በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ተፈርዶባቸው ሰባት ዓመት ያህል የታሰሩ፣ ከዚያ በኋላ ጠበቃ የሆኑ ሰው ናቸው። በሕግ መወሰኛው ደግሞ በ2021 ምክትል አገረ ገዥ ሆነው የተመረጡት ዊንሰም ኧርል-ሲርስ ጃማይካ የተወለዱ ሲሆኑ፣ በ2025 የተመረጡት ጋዛላ ሃሽሚ ሕንድ አገር የተወለዱ ናቸው። ሁለት ስደተኞች ተከታትለው በአንድ ወንበር ማለት ነው። ፖላንዶቹ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር!

ቨርጂኒያ ምክር ቤቷን የምትመርጠው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት በኖቬምበር ወር ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚወጣው መራጭ ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው። በኖቬምበር 2027 መቶ አርባዎቹም መቀመጫዎች ለምርጫ ይቀርባሉ። ጉባኤው የሚከፈተው በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ነው። ሕንፃውን መጎብኘት ክፍያ የለውም፤ በኮሚቴ ፊት ስለ አንድ ረቂቅ ሐሳብ ለመስጠትም ዜግነት አይጠየቅም።