ደረስጌ ማርያምና የውቤ ልጅ

ባለፈው የዕረፍት ቀን ከማኅበራችን እህቶች ጋር ከመካነ ብርሃን ማልደን ተነስተን ደረስጌ ማርያምን ተሳለምን። በመንገዳችን ወንዝ ዳር አረፍ ብለን ቆሏችንን በላን፤ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችም አጫወቱን።

ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ ሐሳባቸው ሊነግሡባት ነበር። ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ድል አድርገው ማረኳቸው። በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተውም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነገሡ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ወጪው በማን፣ ርክክቡ በማን ስም እንደሆነ ማሰቤ አልቀረም።

ታሪኩ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። እኔን ያሳሰበችኝ ግን የውቤ ልጅ ናት። እቴጌ ጥሩወርቅ አባታቸውን ያሰሩትን ንጉሥ አገቡ፤ በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ታመው አረፉ። ሕፃኑ ብቻውን ባሕር ተሻገረ፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ።

ስንመለስ ወንዙን እየተሻገርን አንዷ እህታችን፣ «የጥሩወርቅን ስም ገና ዛሬ ሰማሁ» አለች። የተወለደችው ከቤተ ክርስቲያኗ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው።