ዳኮታን ማን ይተካው?

«ዳኮታ ጡረታ ሊወጣ ነው» የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት በልጅነቴ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ጎረቤታችን ቤት ነው። ጎረቤታችን አብራሪ ነበሩ። ስማቸው እንዲጻፍ ስለማይወዱ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ከበረራ በተመለሱ ማግስት ባልደረቦቻቸው ቡና ላይ ይሰበሰቡና አዲሱ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ከወዴት እንደሚመጣ ይሟገታሉ። አንዱ «ከካናዳ ነው፤ ያለቀለት ጉዳይ ነው» ይላል። ሌላው ሆላንድን ይጠራል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ፈረንሳይ ተጨመረች። ጋሼ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ነገ ጠዋት ጅማ የምሄደው በምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ያው ነው፤ በዳኮታ።

ታሪክ እንጽፋለን የምንል ሰዎች ወሬን እንንቃለን። ሰነድ፣ ፊርማ፣ ማኅተም እንላለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የዚያን ዘመን የአብራሪዎች ወሬ በኋላ ከሆነው ነገር ጎን ሳስቀምጠው ግን ንቀቴን ለመተው ተገደድኩ። ካናዳም መጣ፣ ፈረንሳይም መጣ፣ ሆላንድም መጣ። ወሬው የሳተው ቀኑን ነው። አንድ ሌላ ነገርም ስቷል፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ አነሣዋለሁ።

ዳኮታ የምንለው በትክክለኛ ስሙ ዲሲ-3 ነው፤ ወታደራዊው ወንድሙ ሲ-47 ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ሞኒካ ላይ መጀመሪያ የበረረው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን አውሮፕላን ለኢትዮጵያዊ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ደሴ በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበችው 11 ቀን ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 26 ቀን ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ ሲ-47ቶች ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐል ላይ ይታሰራል። ክንፍ ያወጣ የጭነት መኪና በሉት።

ወደ ውጭ የሚበሩት በየጊዜው ተለወጡ። በ1943 ዓ.ም. ኮንቬር፣ በ1950 ዓ.ም. ዲሲ-6፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ጄቱ ቦይንግ 720 ገባ። ዳኮታ ግን ኮንቬሩንም ዲሲ-6ንም ቀብሮ አገር ውስጥ መመላለሱን ቀጠለ። ለምን? አብራሪዎቹ መልሱን ያውቁት ነበር፤ ስለዚህም ነው ስለ ተተኪው ሲያወሩ ከሞተሩ ይልቅ ስለ ሜዳው የሚጨቃጨቁት። የአገራችን ማረፊያ ብዙው ሣርና አፈር ነበር። እረኛ ከብቱን አባርሮ ነው አውሮፕላኑ የሚያርፈው። ዳኮታ ደግሞ ጅራቱን መሬት አስነክቶ፣ አፍንጫውን ሽቅብ አንጋጦ የሚቆም ስለሆነ ፕሮፔለሩ ከጭቃና ከድንጋይ ይርቃል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው፣ ክንፉም የሚደገፍበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንገድ መሮጥ አለበት። በዝግታ ተነሥቶ በዝግታ የሚያርፈው ዳኮታ ይህን ሁሉ ችሎት ነበር። በዓለም አብራሪዎች ዘንድ «ዲሲ-3ን የሚተካው ሌላ ዲሲ-3 ብቻ ነው» የሚል አባባል አለ። ጋሼ ይህንን ሲጠቅሱ አይስቁም ነበር።

ይሁንና እርጅና እርጅና ነው። የዳኮታ ውስጡ የአየር ግፊቱ የተጠበቀ አይደለም፤ ስለዚህ ከተራሮቻችን በላይ ብዙ ከፍ ሊል አይችልም፤ ነፋሱና ደመናው መሐል እየተንገጫገጨ ይሄዳል። መንገደኛው የበላውን ይመልሳል። ሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 14 ሲሊንደር አላቸው፤ የሚጠጡት ደግሞ የአውሮፕላን ቤንዚን ነው። ጄቶቹ ኬሮሲን ስለሚያነዱ ሁለት ዓይነት ነዳጅ ማከማቸት ግድ ይላል። ተርቦፕሮፕ የሚባለው የመጣው ይህን ለማቅለል ነው። ሞተሩ የጄት ሆኖ ጉልበቱን ለፕሮፔለር ያስረክባል፤ ከፒስተኑ ይቀልላል፣ ንቅናቄው ያንሳል፣ ኬሮሲኑንም ከጄቱ ጋር ይጋራል።

በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የካናዳው ወሬ ሥጋ ለበሰ። ትዊን ኦተር መጣ። ክንፉ ከላይ ስለሆነ ፕሮፔለሩን ድንጋይ አያገኘውም፤ አጭር ሜዳም ይበቃዋል። ነገር ግን የሚጭነው 20 ሰው ያህል ነው። «ይህ የዳኮታ ተተኪ አይደለም፣ የልጅ ልጁ ነው» አሉ ጋሼ። በ1980ዎቹ መግቢያ ደግሞ ከቱሉዝ ኤቲአር-42 ገባ፤ ፈረንሳይና ጣሊያን በጋራ የሠሩት ነው። የፈረንሳይ ወሬ ያወሩት ሰዎች በዚያ ሰሞን ደረታቸውን ነፍተው ነበር።

የሆላንዱ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ፎከር የተባለው ፋብሪካ ዲሲ-3ን እተካለሁ ብሎ ኤፍ-27 የተባለውን ተርቦፕሮፕ ሠርቶ ያበረረው በ1948 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በልጅነቴ ቡና ላይ ሆላንድን ይጠሩ የነበሩት ሰዎች ያለ መነሻ አልተናገሩም። የኤፍ-27 ልጅ ፎከር 50 ይባላል፤ ባለ ስድስት ምላጭ ፕሮፔለር፣ 50 ያህል ሰው የሚይዝ፣ የአየር ግፊቱ የተጠበቀ። አየር መንገዳችን ይህን ሊያስገባ ነው የሚለው ወሬ በጠነከረበት በ1988 ዓ.ም. ሌላ ወሬ ከአምስተርዳም ደረሰ። የፎከር ባለቤት የሆነው የጀርመን ኩባንያ ጥር 13 ቀን ገንዘብ ማፍሰሱን አቆመ። መጋቢት 6 ቀን 1988 ዓ.ም. ፎከር ከሰረ ተባለ። ይህኛው ወሬ ብቻ አልነበረም፤ የተረጋገጠ ዜና ነበር።

ጋሼ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ቡናው ግን አልቀረም። «ሠሪው ሞቶ የተሠራው ይመጣል እንዴ?» ይሉ ነበር ጡረተኞቹ። መጣ። የኪሳራው አጣሪዎች በእጅ ያለው ሥራ እንዲያልቅ ፈቅደው ስለነበር ፋብሪካው እየሞተም መዶሻውን አላስቀመጠም። በጠቅላላው ከተሠሩት 213 ፎከር 50ዎች የመጨረሻው ግንቦት 15 ቀን 1989 ዓ.ም. ለርክክብ በቃ፤ ተረካቢውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። አንድ ትውልድ ሙሉ ስንጠብቀው የኖርነው ወሬ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ገባልን።

ከላይ «ወሬው የሳተው ሌላ ነገር» ያልኩትን አሁን ልንገር። በዚያ ሁሉ ዘመን ክርክሩ «አዲሱ አውሮፕላን ከወዴት ይመጣል?» ነበር። «ወዴትስ ይሄዳል?» ብሎ የጠየቀ እምብዛም ነው። በዳኮታ ዘመን በበረራ ሠሌዳው ላይ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ደብረ ታቦር፣ መካነ ሰላም፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ የሚሉ ስሞች ነበሩ። አዲሶቹ አውሮፕላኖች ትልልቅና ፈጣን ሲሆኑ የሚፈልጉት ሜዳም ረዘመ፣ ጠጠረ። ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም አስፋልት ተነጠፈላቸው። ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞች ግን ለዓመታት አውሮፕላን ሳያዩ ቀሩ። እንዲህ ካሉት ከተሞች በአንዱ አክስቴ ትኖር ነበር። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ የአንድ ሰዓት ያልሞላው በረራ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ሆነባት። ሜዳው ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ለከብቱ ተመለሰለት» አለችኝ፤ ቅሬታ በሌለው ድምፅ። አውሮፕላኑን የመረጡትን ሰዎች በዚህ አልወቅስም፤ ዳኮታ ለዘላለም ሊበር አይችልም ነበር። ነገር ግን የአውሮፕላን ታሪካችን ሲጻፍ የተገዛው ብቻ ተቆጥሮ ሜዳቸው የቀረባቸው ሰዎች ሲዘለሉ ቅር ይለኛል።

ፎከሮቹንም የሚተካ መጣ። በ2002 ዓ.ም. ቦምባርዲየር ኪው-400 ከካናዳ ገባ፤ ከ70 በላይ መንገደኛ ይይዛል፤ ፍጥነቱም ወደ ጄቱ ይጠጋል። የመጀመሪያው ወሬ ክቡን ዞሮ ተመለሰ ማለት ነው። ደግሞም በ2011 ዓ.ም. ያ አውሮፕላን ከቦምባርዲየር ወደ ሌላ የካናዳ ባለቤት ተሸጠ፤ ዴ ሃቪላንድ የሚለውን የጥንት ስሙን መልሶ ያዘ። በ2013 ዓ.ም. ማምረቱ መቆሙ ተነገረ።

ይህን ዜና ለጋሼ በስልክ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

«ፎከርን ቀበርን» አሉ በመጨረሻ፤ «ይኸኛውንም ልንቀብር ነዋ።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሌላ ሰው መስመሩ ላይ ያለ ይመስል።

«ለመሆኑ አሁንስ ከወዴት ነው የሚሉት?»