መራራው ጨው፦ ቆዳ ይጠጣልን?

ባለፈው ክረምት አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ከአልጋዋ ራስጌ አንድ ጠርሙስ አየሁ። አሜሪካ ያለችው ልጇ የላከችላት ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ጥርት ያለ፣ ሲነኩት ቅባት ቅባት የሚል፣ ሲቀምሱት ግን ምላስ የሚያኮማትር መራራ ነው። «የማግኒዚየም ዘይት» ይሉታል። አክስቴ ሌሊት ሌሊት ባቷን ጨብጦ የሚቀሰቅሳት ሕመም አለባት። ማታ ማታ እግሯን በዚሁ ታሻለች። «ቆዳ ይጠጣዋል አሉኝ፤ አጥንት ድረስ ይዘልቃል» አለችኝ። እስከዚህ ድረስ ክፋት አላየሁበትም። ያስደነገጠኝ ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝ ነው፦ «ለግፊትም ፍቱን ነው ብለዋል። ክኒኑን ልተወው እያልኩ ነው። ተፈጥሮ እያለ ኬሚካል ምን ያደርግልኛል፣ የኔ ልጅ?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የዱሮ ነገር ማገላበጥ የምወድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ለአክስቴ መልስ ከመስጠቴ በፊት ይህ መራራ ነገር ከየት ተነሥቶ እንዴት አልጋዋ ድረስ እንደደረሰ ለማወቅ ፈለግሁ። ያገኘሁትን ለአንባቢም ላካፍል። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በከብት ነው። ከለንደን ወደ ደቡብ ምዕራብ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኤፕሶም የሚባል ከተማ አለ። በ1618 በጋ ድርቅ ሆኖ ሄንሪ ዊከር የሚባል እረኛ ከብቶቹን ሊያጠጣ በሜዳው ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አገኘ ይባላል። ከብቶቹ ተጠምተው ሳለ አፋቸውን አስጠግተው ሸሹ። ሰዎች ቀምሰው ቢያዩት መረራቸው። በኋላ ግን ቁስል ሲያጥቡበት ቶሎ እንደሚጠግግ አስተዋሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሳያውቁ የጠጡት ሰዎች ሆዳቸው ተጠርጎ ወጣ። ኮሶ ለሚያውቀው ለእኛ አገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪም ዋና ጥበብ ደም ማፍሰስና ሆድ ማጠብ ነበርና፣ ያለ ብዙ ቁርጠት የሚያጥብ ውሃ መገኘቱ ትልቅ የምሥራች ሆነ።

ኤፕሶም በሰው ተጥለቀለቀች። ማስታወሻ ደብተሩ ዛሬ ድረስ የሚነበበው የለንደኑ ሹም ሳሙኤል ፒፕስ በሐምሌ 1667 በሠረገላ ሄዶ አራት ፓይንት፣ ማለትም ወደ ሁለት ሊትር ገደማ፣ እንደጠጣ ጽፏል። ልብ በሉ፦ ከተማይቱን ያስጠራት መጠጣቱ እንጂ መታጠቡ አልነበረም።

ውሃውን አፍልቶ ጨውን ለብቻው በማውጣት ስሙ የሚነሣው ነህምያ ግሩ የተባለ ሐኪምና የዕፀዋት ተመራማሪ ነው። በ1695 ስለዚህ መራራ ጨው በላቲን ድርሳን አሳተመ። በ1698 ደግሞ ጨውን የማምረት የብቻ መብት ከንጉሡ አገኘ። መብቱ ግን ብዙም አልጠቀመውም። ሞልት የሚባሉ ወንድማማቾች ድርሳኑን ያለፈቃዱ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው፣ ጨውንም አምርተው በርካሽ ይቸበችቡት ጀመር። እርስ በርስ ተካሰሱ፣ በጽሑፍም ተዘላለፉ። ውሎ አድሮ ጨው የሚወጣው ከባሕር ጨው ማምረቻ ከሚተርፈው መራራ ፈሳሽ ሆነ። በየመድኃኒት ቤቱ ሲገኝ ጊዜ ኤፕሶም ድረስ የሚደክም ጠፋ። ዛሬ ኤፕሶም የምትታወቀው ከ1780 ጀምሮ በሚካሄደው የደርቢ የፈረስ ውድድር ነው። ጨው ግን ስሟን ይዞ በዓለም ዞረ። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ «የእንግሊዝ ጨው» ይሉታል።

ጨው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ መቶ ዓመት ጠየቀ። የስኮትላንዱ ጆሴፍ ብላክ በ1750ዎቹ ከዚህ ጨው የሚገኘው «ነጭ ማግኒዥያ» ከኖራ የተለየ ነገር መሆኑን አሳየ። በ1808 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱን ራሱን ለየው። ስሙም የመጣው ማግኒዥያ ከሚባለው የግሪክ አገር ነው። የኤፕሶም ጨው እንግዲህ ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ ማግኒዚየም፣ ግማሹ ውሃ፣ ቀሪው ሰልፌት ነው። የአክስቴ «ዘይት» ደግሞ ዘይት አይደለም። ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚባለው ወንድሙ በውሃ በርክቶ ሲሟሟ የሚሰጠው የቅባት ስሜት ነው።

ይህ ሁለተኛው ጨው የራሱ ባለታሪክ አለው፤ ፈረንሳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፒየር ዴልቤ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች እየጎረፉ ሲመጡ፣ ቁስል የሚታጠብባቸው ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ጀርሙን ብቻ ሳይሆን የሰውየውንም ሥጋና ነጭ የደም ሕዋስ እንደሚገድሉ ታዘበ። የማይጎዳ ማጠቢያ ሲፈልግ በ1915 በሊትር 12 ግራም ገደማ ማግኒዚየም ክሎራይድ የተበጠበጠበት ውሃ ላይ ደረሰ። ነጭ የደም ሕዋሳቱ በዚህ ውሃ ውስጥ እንዲያውም ይበረታሉ አለ። እስከዚህ ድረስ ሥራው የአንድ ጠንቃቃ ሐኪም ሥራ ነው። ዴልቤ ግን እዚህ አላቆመም። ለሚጠጡት ሰዎችም ማዘዝ ጀመረ፤ የማይሽረው በሽታ የለም ወደማለት አዘነበለ፤ በ1944 ባሳተመው መጽሐፉም ካንሰርን በማግኒዚየም መከላከል ይቻላል እስከማለት ደረሰ። መድኃኒት ሲወደድ ዕጣው እንዲህ ነው፦ አንድ ነገር ይሠራል፣ ከዚያ ሁሉን ይሠራል ይባልለታል።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር ያስተውልልኝ። በኤፕሶምም ሆነ በዴልቤ ዘንድ ጨው ከውጭ ሲደረግ ጠቀመ የተባለው በቁስል ላይ ነው። ቁስል ማለት ደግሞ በሩ የተከፈተ ቤት ነው። ጤነኛ ቆዳ ግን የተዘጋ በር ነው። የላይኛው ሽፋኑ ከወረቀት የሳሳ ቢሆንም የሞቱ ሕዋሳት በስብ ተለስነው የተደረደሩበት ግንብ ነው። ሥራውም ውሃና ጨው እንዳይገባና እንዳይወጣ መከልከል ነው። «ታዲያ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት አለ አይደል?» የሚል ሰው ልክ ነው። ሲጋራ ለማቆም የሚለጠፈው ኒኮቲን ለምሳሌ ትንሽና ከስብ ጋር የሚስማማ ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል። ማግኒዚየም ግን በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ያዘለ፣ የውሃ ካባ የደረበ፣ ስብ የሚሸሽ ነገር ነው። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በፀጉር ሥር ቀዳዳዎች በኩል ጥቂቱ ሊዘልቅ እንደሚችል አሳይቷል። ነገር ግን የፀጉር ቀዳዳ ከቆዳችን ስፋት እጅግ ጥቂቱ ነው። በ2017 ጉዳዩን የመረመሩ የጀርመን ሊቃውንት በቆዳ በኩል የማግኒዚየም እጥረትን መሙላት ይቻላል የሚለው አባባል በሳይንስ አልተደገፈም ብለው ደምድመዋል።

ይህን ስል መታጠብ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጨዋማነቱ ከውቅያኖስ ዘጠኝ እጥፍ የሚበልጠውን፣ በማግኒዚየም ክሎራይድ የበለጸገውን የሙት ባሕር እንውሰድ። በ2005 የታተመ ጥናት ቆዳቸው የሚደርቅና የሚያሳክካቸው ሰዎች አንድ ክንዳቸውን በሙት ባሕር ጨው በተበጠበጠ ውሃ፣ ሌላውን በቧንቧ ውሃ በየቀኑ 15 ደቂቃ ለስድስት ሳምንት እንዲነክሩ አድርጎ፣ በጨው የተነከረው ቆዳ እንደለሰለሰና መቅላቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጨው ቆዳን ጠቀመ፤ ቆዳው ላይ ሆኖ። ወደ ውስጥ ገብቶ ደም ግፊት አወረደ የሚል ግን እዚያ የለም። ንጉሥ ሄሮድስም በመጨረሻ ሕመሙ ከዚያው ባሕር ዳር ወዳለው የካሊሮይ ፍል ውሃ እንደተወሰደ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍስ ይነግረናል። ታጥቦ ተመለሰ፤ ግን አልዳነም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ፍል ውሃን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ፊንፊኔ የሚለው ስም ከዚያው ከምንጩ የመጣ ነው። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ ሳለ መኳንንቱ ለመታጠብ እየወረዱ ይሰፍሩ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም በዚያ ቤት ካሠሩ በኋላ በ1886 ከተማይቱ ተቆረቆረች። ዋና ከተማችን የቆመችው ሰው ሙቅ ውሃ ስለወደደ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ይሁንና የፍል ውሃ ውሃ በዋናነት ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለበት እንጂ የማግኒዚየም ውሃ አይደለም። ከዚያ ወጥቶ «ሰውነቴ ተፍታታ» የሚለው ሰው አይዋሽም፤ የፈታው ሙቀቱ ነው። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል። በኤፕሶም ጨው ውሃ እግሩን የዘፈዘፈ ሰው የሚያገኘው እረፍትም በአመዛኙ ከዚሁ የሚመጣ ይመስለኛል።

ማግኒዚየም ክሎራይድ በብዛት ያለበትን ውሃ የሚሻ ሰው ደግሞ ወደ አፋር ይውረድ። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዳሎል አካባቢ ጋኤታሌ የሚባል ትንሽ ኩሬ አለ። በአንድ ኪሎ ውሃው ውስጥ 433 ግራም ጨው ያለበት ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከተለኩት የውሃ አካላት ሁሉ ጨዋማው እርሱ ነው። ጨዉም ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው። ማለትም በአክስቴ ጠርሙስ ውስጥ ያለው «ተፈጥሮ» እዚያ በኩሬ ሙሉ ይገኛል። ግን ማንም አይታጠብበትም። ከሥሩ የሚወጣው ጋዝ የሚያርፉበትን ወፎች ይገድላል። ተፈጥሮ ማለት ሁልጊዜ ወዳጅ ማለት አይደለም።

ታዲያ ማግኒዚየም ታላቅ ሥራውን የሠራው የት ነው? በመርፌ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግፊቷ ከፍ ብሎ በድንገት የሚያንቀጠቅጣት ሕመም፣ ሐኪሞች ኤክላምፕሲያ የሚሉት፣ የስንቷን እናት ነፍስ ቀጥፏል። በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን አካትቶ በ2002 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት በመርፌ የተሰጣቸው እናቶች በዚህ ሕመም የመያዝ አደጋቸው ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ዛሬ በእኛም አገር ሆስፒታሎች ይሰጣል። የኤፕሶም ከብቶች የሸሹት ያው መራራ ጨው፣ ተጣርቶና ተመጥኖ፣ በምጥ ላይ ያለችን እናት ያተርፋል። እዚህ ላይ ማን «ኬሚካል»፣ ማን «ተፈጥሮ» እንደሆነ የሚለይልኝ ካለ ይንገረኝ። ያው መድኃኒት መጠኑ ሲያልፍ ትንፋሽ ስለሚያቆም፣ ሲሰጥ አዋላጇ የእናቲቱን አተነፋፈስ እየተከታተለች ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ አክስቴ ተመለስኩ። «እትዬ፣ ማሸቱን አትተዪ» አልኳት። እጇ እግሯን ሲያሻው ጡንቻው ይላላል፤ ቆዳዋን ካላቃጠላት በቀር ጉዳት የለውም። ባትን የሚጨብጠው ሕመም ግን በማግኒዚየም ክኒን እንኳ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች እምብዛም እንደማይሻል በ2020 የተደረገ የጥናቶች ግምገማ ይናገራል። ማግኒዚየም ካማራት ሌማቷ ላይ አለላት፦ 100 ግራም የጤፍ እህል ከ180 ሚሊግራም በላይ ይዟል፤ ለአንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልገው 320 ገደማ ነው። ባቄላውም ጎመኑም ይጨመርበታል። የግፊቱን ክኒን ግን ያለ ሐኪም ቃል እንዳትነካው ለመንኳት።

«ጠበልስ?» አለችኝ በፈገግታ። የእምነትን ነገር በጨው ሚዛን አልመዝንም። ነገር ግን በ2007 የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው እንጦጦ ጠበል ሲሰነብቱ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል ማስተማራቸውን አስታወስኳት። ዝም ብላ አሰበች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለካ ክኒኑን ከተወች ሳምንት ሞልቷት ኖሯል። አሁን ጠዋት ክኒኗን ትውጣለች፣ ማታ እግሯን ታሻለች። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ ይላክልሽ ወይ ብላት፣ «ለእሱ የሚወጣውን ዶላር ለጤፍ ትላክልኝ» አለች።