የሌላውን ሰው አንደበት ስለ መዋስ

ደራሲ ከወገኑ ያልሆነ ሰው በገዛ ዘዬው ታሪኩን እንዲተርክ ሲያደርግ ከባድ አደራ ይቀበላል፡፡ አነጋገሩን መቀለጃ ቢያደርገው የሚዋረደው አንደበቱን ያዋሰው ሕዝብ ነውና፡፡ ለዚህም የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ በቂ ምስክር ይሆነናል፡፡

በዚያ አገር ከ1830ዎቹ ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት እየቀቡ በመድረክ ላይ የጥቁሮችን አነጋገር ያስመስሉ ነበር፡፡ ዓላማቸው ማሳቅ ስለ ነበረ፣ ዘዬው በተሰማ ቍጥር በተመልካቹ አእምሮ የሚታሰበው ሞኝነት ሆነ፡፡

ማርክ ትዌይን በ1874 ያሳተመው አንድ አጭር ታሪክ ግን ሌላ መንገድ አሳየ፡፡ ታሪኩን የሰማው በኒው ዮርክ ግዛት፣ በኤልማይራ አጠገብ ባለ እርሻ ከምታገለግል፣ ቀድሞ በባርነት ከነበረች ወጥ ቤት ነው፡፡ ተራኪዋ አክስት ራሔል ከባልዋና ከሰባት ልጆችዋ ጋር በጨረታ ተሸጠው እንደ ተበታተኑ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላም የመጨረሻ ልጅዋን በወታደር ልብስ እንዳገኘችው በራስዋ ዘዬ ትናገራለች፤ የሚስቅባት ግን የለም፡፡ ትዌይን የዘዬ ጽሑፍን የሚያርመው ለጆሮው እስኪስማማው ድረስ ደጋግሞ በመናገር መሆኑን ለወዳጁ ገልጾአል፡፡

በ1885 በአሜሪካ የታተመው «ሐክልቤሪ ፊን» ከዳር እስከ ዳር የሚተረከው ባልተማረ የሚዙሪ ልጅ አፍ ነው፡፡ በዚያው ዓመት የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን እንደ ብልግና ቈጥሮ አገደው፡፡ ሆኖም ከባርነት የሸሸውን ጂምን አሳልፎ ላለመስጠት የሚቈርጠው ይኸው ንግግሩ ያልታረመ ልጅ ነው፡፡ በአንጻሩ ብዙ ተቺዎች በጂም አነጋገር ላይ የዚያ መድረክ ጥላ እንዳለበት ያመለክታሉ፤ ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

ፌዝ ያቈሰለው ቋንቋ ለባለቤቱም ቶሎ አይሽርለትም፡፡ በ1937 ጥቁርዋ ደራሲ ዞራ ኒል ኸርስተን ያደገችበትን የፍሎሪዳን አነጋገር ስትጽፍ፣ ሪቻርድ ራይት ያንኑ የመድረክ ቀልድ ያስቀጥላል ብሎ ነቅፎአታል፡፡

እኛም በመሥሪያ ቤት አማርኛ ብዕራችንን ያሟሸን ሰዎች፣ የጎጃሙን፣ የወሎውን ወይም የመንዙን ገበሬ ተራኪ ስናደርግ ይህን ልናስብ ይገባናል፡፡ ጥቂት ቃላት ለቅሞ ማጣፈጫ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሐዘኑንና ፍርዱን በዚያው አነጋገር ማስነገር ግን ብዙ ማዳመጥን ይጠይቃል፡፡ አንባቢው ከዘዬው ይልቅ ነገሩን ካስታወሰ፣ አደራው ተጠብቆአል፡፡