ሰይጣን ቤትና ትምህርት ቤት

የጎረቤቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ቤቴ መጣችና፣ «ጋሼ፣ እባክዎ አባቴን ያናግሩልኝ» አለችኝ። ሥዕል የሚወዱ ልጆች በኢንተርኔት የሚሰባሰቡበት ማኅበር አለ። የሣሉትን ያሳያሉ፣ እርስ በርስ ይተራረማሉ። እሷ ደግሞ በሰፈራችን የሥዕል ጓደኛ የላትም። አባቷ ግን፣ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል።

ሰይጣን ስትል የጥንቱ የአዲስ አበባ ሲኒማ ትዝ አለኝ። ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሚንቀሳቀስ ምስል ለሚያይበት ለዚያ ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። ዛሬ እንስቅ ይሆናል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ውስጡን ያላየ ሰው ለጨለማ ቤት ሌላ ምን ስም ያወጣል?

ትምህርት ቤትም ቢሆን ያለ ጥርጣሬ አልገባልንም። አፄ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ሲያስቡ ካህናቱ የፈሩት ፊደሉን ወይም ሒሳቡን አልነበረም። የፈረንጅ መምህር የልጆቹን ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ነው። ንጉሡ ይህን ፍርሃት «አላዋቂነት» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ሥልጣኑ በእጃቸው ነው። ያደረጉት ግን ሌላ ነው። መምህራኑን ከግብፅ፣ ከኮፕት ክርስቲያኖች አስመጡ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ግብፃዊ ነበሩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ኃላፊም ሐና ሳሊብ የሚባሉ ግብፃዊ ናቸው። ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው አልቀረም። «ልጄ ከማን ጋር ይውላል?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ተገኘለት።

ለልጅቷ ይህንኑ ነገርኳት። «ከአባትሽ ጋር አትከራከሪ። የሚፈራውን ጠይቂውና እሱን መልሺ። ማኅበሩን ማን ይመራዋል? ባለጌ ሲገባ ማን ያስወጣዋል? ስምሽንና ትምህርት ቤትሽን ሳትናገሪ መሳተፍ ይቻላል? አጠገብሽ አስቀምጠሽ አሳዪው።»

ከዚያ ወደ አባትየው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለኝ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ልጅ መስሎ ልጅ የሚያጠምድ ትልቅ ሰው በኢንተርኔት ሞልቷል። እኔም የራሴን አጫወትኩት። በ1978 ዓ.ም. የብዕር ጓደኛ እንዳልይዝ አባቴ ከልክሎኝ ነበር። እኔ ግን በጓደኛዬ አባት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ተደብቄ መጻፌን ቀጠልኩ። አንድ ቀን የሚያስፈራ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለአባቴ እንዳልነግረው መጻፌን አያውቅም። ለሳምንታት ብቻዬን ተሸበርኩ። ክልከላው ከደብዳቤው አላዳነኝም፤ ያሳጣኝ አባቴን ነው።

ዝም አለ። ማታ ልጅቷ አጠገቧ አስቀምጣ ሥዕሎቹን ስታሳየው፣ አንዷ ላይ ሲደርስ፣ «ይቺን ደግሞ ማን ሣላት?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

«እኔ» አለችው።

እስካሁን አልፈቀደም። ግን በማግስቱ፣ «እስቲ ያንን ነገር ድጋሚ አሳዪኝ» ብሏታል። ሰይጣን ቤት ገብቶ ያየ ሰው፣ ቢያንስ ስሙን ይለውጥለታል።